«ምንም የለብሽም» ከተባላችሁ በኋላ፦ ሐኪም ስለማያምነው ሕመም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ሕመም አለብኝ። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መገናኛ የሰውነት መከላከያ ራሱ ሲያጠቃው የሚመጣ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይዝላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ይህን ስም እስክሰማ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በዚያ መሃል ጨጓራ፣ ደም ማነስ፣ ታይፎይድ፣ ብርድ፣ በመጨረሻም ጭንቀት ተብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥቂቱ የኔው ሕመም ያለበት ነው። አብዛኛው ግን ገና ስም ያልወጣለት ነገር ይዞት ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር ነው። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። የምጽፈው ያለፍኩበትንና ሐኪሞቼን እየጠየቅሁ የተማርኩትን ነው።

ሐኪሙ ለምንድን ነው የማያምነኝ?

መጀመሪያ ለሐኪሙ ልፍረድለት። ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ያለውን ወረፋ ታውቁታላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ የሚያየውን በሽታ ያስባል። የተማረውም እንደዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። የኛ ችግር ከብዙ ጊዜው ውጭ መሆናችን ነው።

ግን ወረፋው ብቻ አይደለም። ወጣት ሴት ስትሆኑ ጥያቄው ቶሎ ይቀየራል። «ትዳር አለሽ? ከሰው ተጣልተሻል? እንቅልፍ ትተኛለሽ?» ይባላል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። የሚያመው ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ ሳይኖር ሲቀር ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ስለ አንዲት ሴት ጽፏል። ጠዋት እንደ ልቧ ታወራለች፤ ብዙ ካወራች በኋላ ግን «እንደ ዓሣ ድዳ» ትሆናለች። የኔ ሕመም ነው። ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1877፣ ለንደን ውስጥ ሳሙኤል ዊልክስ የተባለ ሐኪም አንዲት ልጅ ገጠመችው። ሕመሟ መጀመሪያ ሂስቴሪያ መስሎ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር «ጭንቀት ነው» እንደማለት። ልጅቷ መተንፈስ አቅቷት ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏ ላይ ምንም አልተገኘም። በዘመኑ መሣሪያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሕመሙ ግን ነበረ። «ምንም አልተገኘም» ስባል ሁሌ የማስታውሰው እሷን ነው።

«በጣም ይደክመኛል» ብዬ ነገርኩት፤ «እረፍት አድርጊ» አለኝ። ምን ብል ይሻል ነበር?

ከሁሉ ጥያቄ ረጅም መልስ የምሰጠው ለዚህ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ያጣሁት እዚህች ቃል ላይ ነው።

በአማርኛ «ደከመኝ» ሁሉን ይይዛል። እንቅልፍ ያጣም ደከመኝ ይላል። ደም ያነሰውም ይላል። ያዘነም ይላል። ክንዱን አንስቶ ማቆየት ያቃተውም ያው «ደከመኝ» ነው የሚለው። ሐኪሙ ደግሞ ካርዱ ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከእናንተ የሰማትን አንዲት ቃል በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይመልሳትና ያልፋል። ቀጣዩ ሐኪም የሚያነበው ያቺን ነው። እንቅልፍ ማጣትና የጡንቻ መዛል ለሐኪም ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። እኛ በአንድ ቃል አንደኛውን እንዘጋበታለን።

የረዳኝ ስሜቴን ትቼ ያቃተኝን ሥራ መናገር ነው። እንዲህ፦

«ጸጉሬን ስጎነጎን መሃል ላይ እጄ ይወርዳል። አረፍ ብዬ ነው የምጨርሰው።»

«እንጀራ ስበላ የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ደህና ናቸው። ወደ መጨረሻው አገጬን በእጄ ደግፌ ነው የማኝከው።»

«ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ይጀምራል። ተማሪዎቼ ጉንፋን ይዞሻል ወይ ይሉኛል።»

እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሰማችው ሐኪም እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ነው መታየት የጀመርኩት።

ሌሎችም ቃላት አሉ። «ልቤን ያመኛል» ስንል አንዳንዶቻችን ደረታችንን ነው፣ አንዳንዶቻችን ከእምብርት በላይ ያለውን ሆድ፣ አንዳንዶቻችን ሐዘናችንን። «ልቤን አጥወለወለኝ» ማለት ማቅለሽለሽ እንጂ የልብ በሽታ አይደለም። ስለዚህ በጣታችሁ ቦታውን አሳዩ። «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው»፣ «ነርቬን ነው የሚያመኝ» የሚሉት ደግሞ እኛ ለሕመሙ ያወጣንለት ስም እንጂ ምልክቱ አይደለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ይጠዘጥዛል? ይወጋል? ይቆጠቁጣል? ይደነዝዛል? ይወራል? አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፤ ተጠቀሙበት።

ከመግባታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። መቼ ጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት ላይ ይብሳል፣ ምን ሲደረግ ይመጣል፣ ምን ሲደረግ ይተዋል፣ የትኛውን ሥራ አስተወኝ፣ እስካሁን ምን መድኃኒት ወሰድኩ። የኔ ወረቀት የመጀመሪያ መስመር «የቀኝ ዓይኔ ቆብ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ጠዋት ደህና ነው» ይል ነበር።

ሐኪም ቤት ስደርስ ምልክቱ ይጠፋል። ውሸታም መሰልኩ።

አልዋሻችሁም። የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ፣ ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ የኔም ሕመም እንደዚያ ናቸው።

የኛ አገር አሠራር ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕመም አይመችም። ካርድ ለማውጣት ጠዋት 1 ሰዓት ትሰለፋላችሁ። ሐኪም የሚያያችሁ በጠዋቱ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጤነኛ ነኝ። ሌሊቱን ያረፈ ጡንቻ ምን ይታይበታል?

ሁለት ነገር አድርጉ። የሚቻል ከሆነ የከሰዓት ቀጠሮ ለምኑ። ሁለተኛው ስልካችሁ ነው። ምልክቱ ሲመጣ ቪዲዮ ቅረጹ። ፊታችሁ ወደ ብርሃን ይሁን። ቀኑንና ሰዓቱን በድምፅ ተናገሩ። ከዚያ ያቃታችሁን ነገር እያደረጋችሁ አሳዩ። እኔ እስከ 50 ድረስ ስቆጥር ድምፄ እንዴት እንደሚለወጥ ነው የቀረጽኩት። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ደገምኩት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ክርክር አልነበረም። የድሮ ፎቶም ይጠቅማል። የዓይን ቆብ ከመቼ ጀምሮ እንደወረደ የመታወቂያ ፎቶ ይናገራል።

የኔ ነገር የተፈታው በቀላል ነገር ነው። ሐኪሟ ጣሪያውን እንዳይ አደረገችኝ። «ዓይንሽን ሳትመልሺ አንድ ደቂቃ» አለች። ደቂቃው ሳይሞላ ቆቤ ወረደ። ከዚያ በጓንት የተቋጠረ በረዶ አስመጣችና የተከደነው ዓይኔ ላይ ለ2 ደቂቃ ያዘችልኝ። ስታነሳው ቆቤ ተመልሶ ነበር። ቅዝቃዜ የነርቭና የጡንቻውን መገናኛ ለጊዜው ያግዘዋል። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለታመምኩ አይደለም። ሌላ ሰው ስላየው ነው።

ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ጨረስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። እንደገና ታይፎይድ ነው አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባም ከክፍለ ሀገርም ይመጣል። ክሊኒኮቻችን ታይፎይድን በብዛት የሚመረምሩት ዊዳል በሚባል የደም ምርመራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ ነው። ታይፎይድ በበዛበት አገር ደግሞ ያ መከላከያ ከድሮ ሕመም ሊቀር ይችላል፤ ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዊዳል «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻውን የወራት ሕመምን አያስረዳም። ይበልጥ የሚታመነው የደም ካልቸር ነው፤ ከደሙ ውስጥ ጀርሙ ራሱ እንዲያድግ ተደርጎ የሚታይበት ምርመራ።

ትኩሳት ሳይኖራችሁ ለሦስተኛ ጊዜ ታይፎይድ ከተባላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። «ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ታክሜ አልተሻለኝም። ካልቸር ማሠራት ይቻላል? ታይፎይድ ባይሆን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ሁለተኛዋ ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች።

በኔ ላይ ሌላም መዘዝ ነበረው። ለታይፎይዱ የታዘዘልኝ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር፤ ሁላችንም «ሲፕሮ» የምንለው። በዚያ ሳምንት ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። የሲፕሮ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ማያስቴኒያን ሊያባብሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በማሸጊያቸው ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። መድኃኒት ወስዳችሁ የባሰባችሁ ከሆነ ስሙንና ቀኑን ጻፉት። የባሰበት ቀን ራሱ ለሐኪም ፍንጭ ነው።

«ጭንቀት ነው» ተባልኩ። ምን ልመልስ?

ከመቆጣት በፊት አንድ ነገር ላንሳ። ጭንቀትና ድባቴ እውነተኛ ሕመሞች ናቸው። ልብን ያስመታሉ፣ እጅ ያደነዝዛሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። የተባላችሁት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልክ ከሆነም ሕክምና አለው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ደግሞም ሁለት ዓመት የሚያምናችሁ ሰው ካጣችሁ ብትጨነቁ ምን ይገርማል? እኔም ተጨንቄ ነበር። ጭንቀቱ የመጣው ግን ከሕመሙ በኋላ ነው።

ስለዚህ «አልጨነቅም» ብላችሁ አትከራከሩ። ክርክሩን አታሸንፉትም። ይልቅ እንዲህ በሉ። «እሺ ዶክተር፣ የጭንቀቱን ሕክምና እጀምራለሁ። በስንት ጊዜ ውስጥ ለውጥ ማየት አለብኝ? ካላየሁ ቀጥሎ ምን እንመርምር?» የጊዜ ገደቡን ካርዱ ላይ እንዲጽፉላችሁ ለምኑ። ቀኑ ሲደርስ ተመለሱ። «ጭንቀት» ከዚያ በኋላ የመጨረሻ ቃል መሆኑ ይቀርና የሚፈተን ሐሳብ ይሆናል።

ምርመራው ሁሉ ነጻ ነው አለ። በቃ ጤነኛ ነኝ ማለት ነው?

የተመረመራችሁት ነገር የለባችሁም ማለት ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና አልትራሳውንድ ንጹሕ ሆነው ጡንቻና ነርቭ ሊታመሙ ይችላሉ። ለኔ ሕመም የሚሠራው ዋናው የደም ምርመራ እንኳ መላ ሰውነትን ከያዘው ማያስቴኒያ ውስጥ የሚያገኘው 85 ከመቶ ያህሉን ነው። ሕመሙ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የቀረው ሰው ወረቀቱ ነጻ ነው፤ ግን ታሟል።

የእያንዳንዱን ምርመራ ውጤት ኮፒ ያዙ። በአንድ ፌስታል ሳይሆን በቀን ተራ በአንድ ክላሰር አስቀምጡት። ያንኑ ምርመራ አምስት ቦታ መክፈል ትተዋላችሁ።

ሪፈር እንዲጽፉልኝ እንዴት ልጠይቅ? ሌላ ሐኪም ጋ ብሄድስ ይቀየሙኛል?

በመንግሥት ጤና ተቋም መንገዱ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። በጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈር ወረቀቷ ገንዘብ ናት። ተራውን ከዘለላችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የነርቭ ሐኪሞች አገሪቱ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ቀጠሮው ይርቃል። ስለዚህ ቶሎ ጠይቁ።

ስትጠይቁ ሐኪሙን እንደ ረዳት እንጂ እንደ ተከሳሽ አታናግሩት። «ዶክተር፣ የቻሉትን ሁሉ አድርገውልኛል። ይህ ነገር ግን ከስድስት ወር አለፈው። ወደ ነርቭ ሐኪም ቢልኩኝስ?» ብላችሁ ሞክሩ። የከለከለኝ አንድ ሐኪም ብቻ ነው። እሱንም «ሪፈር እንደማያስፈልገኝ ምክንያቱን ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ» አልኩት። አሰበበትና ሪፈሩን ጻፈው። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። በኛ አገር ለሐኪም መልስ መስጠት እንደ ብልግና እንደሚታይ አውቃለሁ፤ እናቴ ጎኔን እየነካች «ተይ» ትለኝ ነበር። በአክብሮት መጠየቅ ብልግና አይደለም።

መቀየሙን ተዉት። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር የተለመደ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። የመጀመሪያው ያለውን አትደብቁ። «እስቲ ሳልነግረው ያግኘው» ብሎ መፈተን ሁላችንም የምንወደው ነገር ነው፤ ጉዳቱ የራሳችን ነው።

ቤተሰቦቼ ጸበል ሂጂ ይሉኛል።

ሂዱ፤ እኔም ሄጃለሁ። ጸናሁበት እንጂ አልጎዳኝም። መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁን ግን አትስሙ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለእናቴ የነገርኳት ይህንን ነው፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ክኒኔን በሰዓቱ የምታስታውሰኝ ሆናለች። ለሚጾሙም፦ መድኃኒታችሁ ከምግብ ጋር ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው።

ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን ለሐኪሙ ልንገረው?

ንገሩት፤ ግን በጥያቄ። «ማያስቴኒያ አለብኝ» ብሎ መግባትና «ይህ ነገር ማያስቴኒያ ሊሆን ይችላል? የማይሆንበት ምክንያት ካለ ቢነግሩኝ» ማለት ይለያያሉ። ሁለተኛው ሐኪሙን ያሳስበዋል።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። ቋንቋው ይይዘኛል።

አሜሪካ ከሆናችሁ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ያገናኟችኋል። ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ስለ ማሕፀን ወይም ስለ ሽንት የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ማን በግልጽ ያወራል? እስራኤል ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የታካሚዎች መብት ሕግ ሁለተኛ ሐኪም የማማከርና የሕክምና መረጃችሁን የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። በዓረብ አገር በቤት ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉምላችሁ አሠሪያችሁ ነው፤ የሚመርጠውንም ነው የሚነግርላችሁ። ቢያንስ ቪዲዮውንና ወረቀቱን ራሳችሁ በእጃችሁ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ወደ ዓረብኛ የተተረጎመ ሦስት መስመር ከብዙ ዝምታ ይሻላል።

ቀጠሮዬን መጠበቅ የሌለብኝ መቼ ነው?

ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ። ውኃ በአፍንጫ ከተመለሰ ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ። አንገት ራስን መሸከም ካቃተው። በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካልተቻለ። ግማሽ ፊት ወይም አንድ ወገን በድንገት ከሰነፈ፣ ንግግር ከተያዘ። በሕይወት ውስጥ የማታውቁት ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ። እነዚህ ሲመጡ ካርድ ክፍል አትሰለፉ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ለሚያስገባችሁ ነርስ የመጀመሪያው ቃላችሁ «መተንፈስ እየከበደኝ ነው» ይሁን፤ ታሪኩ በኋላ ይደርሳል።

ስሙ ከታወቀ በኋላስ?

እኔ አሁን ፒሪዶስቲግሚን እወስዳለሁ። የዚህ መድኃኒት መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1934 ሜሪ ዎከር የምትባል ሐኪም ለንደን ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ያለውን ፊሶስቲግሚን ለአንዲት ታካሚ ሰጥታ የወረደው ቆቧ ሲነሳ ባየች ጊዜ ነው። ታይመስ የሚባለው ደረት ውስጥ ያለ ዕጢም በሲቲ ስካን ታየልኝ፤ በዚህ ሕመም ዕብጠት ሊያወጣ ስለሚችል መታየት አለበት። ክኒኑ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የሁለት ወር አስቀድሜ እይዛለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ካርድ አለች። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕመሜ ስም፣ የምወስደው መድኃኒት፣ ከሐኪም ጋር ሳይመከርበት የማይሰጠኝ መድኃኒት ተጽፎባታል። ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም፣ ኩዊኒን። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞኝ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም አዚትሮማይሲን ሊጽፍልኝ ሲል ካርዷን ሰጠሁት። አነበባት። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ላንብብ» ብሎ ስልኩን አወጣ፣ አነበበ፣ ማዘዣውን ቀደደና እንደገና ጻፈ።